ከድምር ውጭ

ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ጠዋት የሰንበሌጥ ከተማ ሰው ሁሉ በየሰፈሩ አዳራሽ ይቀመጣል። አውጫጭኝ ነው። ድሮ አውጫጭኝ የሚባለው ንብረት ሲጠፋ አገሬው ተሰብስቦ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ የሚታገድበት ነበር አሉ። የአሁኑ ሌባ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ቁጥር ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰሚ የሚባል መሣሪያ ስማችንን በተራ ይጠራል፣ እንነሳለን፣ "ደርሶብሃል ወይስ አልደረሰብህም?" ይላል። ለትልቅ ሰው አንቱ ይላል፣ እሱን እንኳ አስተምረውታል። የተሰረቀ፣ የተደበደበ፣ የተታለለ ሰው "ደርሶብኛል" ብሎ በደሉን በአጭሩ ይናገራል። ሌላው "አልደረሰብኝም" ብሎ ይቀመጣል። ከምሳ በፊት የሰፈሩ ድምር ወደ ክልል፣ የክልሉ ድምር ወደ ዋናው ከተማ ይሄዳል። ማታ ክልሎች በተራ ተሰልፈው ይነገራሉ፤ ማን ሰላማዊ ነው፣ ማን ሌባ በዝቶበታል። እኛም እንደ ኳስ ውጤት ቁጭ ብለን እንሰማለን።

ቁጥሩ ታዲያ በወሬ አይቀርም። ተራው ዝቅ ያለ ክልል ሰፈሮቹ ይጠበቁበታል። የኛ ክልል ዝቅ ካለ ቆይቷል፤ ስለዚህ አንድ "ደርሶብኛል" የተሰማበት ሰፈር በሩ ለወር ያህል ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ንጹሕ የሆነ እስከ አራት ሰዓት ይወጣል ይገባል። ከወንዙ ማዶ ያለው ክልል ሁልጊዜ አንደኛ ስለሆነ በራቸው ጨርሶ አይዘጋም። በድልድዩ ላይ ሆነህ ብታያቸው ሌሊቱን ሙሉ ይንሸራሸራሉ። ለደኅንነታችሁ ነው ይሉናል። ይሁና፣ ምን ይደረግ።

እኔ ፌቨን እባላለሁ። ሰባን አልፌያለሁ፤ በስንት እንዳለፍኩት ለማንም አልናገርም። ባሌ አቤኔዘር ይባላል። ጎረምሳ ሳለ፣ ባጃጅ የሚባል ነገር በአገሩ በነበረበት ዘመን፣ ባጃጅ ነጂ ነበር። የዛሬ ልጆች አያውቁትም። ሦስት እግር ያለው፣ ሰማያዊ፣ ዝናብ ሲጥል በግራም በቀኝም የሚያስገባ፣ ሰው እርስ በርሱ ተጣብቆ የሚሄድበት ነገር ነው። የተዋወቅነውም እዚያው ውስጥ ነው፤ ወረፋዬን ለሌላ ሰጥቶብኝ ስድብ ቀረሽ ተጣልተን። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ባጃጁን ከደጃችን ሰረቁት። ተፈለገ፣ አልተገኘም። አቤኔዘር ሰው ሳያየው አለቀሰ፣ ሌላ ሥራ ያዘ፣ ልጆች አሳደግን፣ ልጆቹም በየፊናቸው ሄዱ፣ ነገሩን ረሳነው።

ረሳሁት ማለቴ ነው። እሱ ሌላውን ሁሉ መርሳት ሲጀምር ባጃጁ ትዝ አለው።

ያን እሑድ መቼም አልረሳውም። ሰሚው "አቤኔዘር፣ ደርሶብዎታል ወይስ አልደረሰብዎትም?" አለ። አቤኔዘር ኮቱን አስተካክሎ ተነሳ።

"ደርሶብኛል" አለ ጮክ ብሎ። "ባጃጄን ከደጄ ወሰዱብኝ። ትናንት ማታ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሰሚው ግን "አንድ" አለና ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። የዚያን ቀን ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ተዘጋ።

ለምን መቼ እንደሆነ አይጠይቅም ትሉኝ ይሆናል። ሕጉ ነው። የተበደለ ሰው ቃል አይጠየቅም ይላል። ድሮ የተደፈረች ልጅ ጣቢያ ስትሄድ "ምን ለብሰሽ ነበር?" ይሏት ነበር፤ የተዘረፈውን "ምን ልትሠራ እዚያ ሄድክ?" ይሉት ነበር። ያ እንዳይደገም ብለው ነው ያወጡት። ደግ ሕግ ነው፣ አልዋሽም። ግን የኔን አቤኔዘር አላሰበውም።

በሁለተኛው ወርም ባጃጁ ተሰረቀ። በሦስተኛውም። ቤት ላስቀረው አልኩ፤ የቀረ ሰው የሚደብቀው አለው ተብሎ በሁለት ይቆጠራል። ስለዚህ ማስጠናት ጀመርኩ። ፊቱን እያጠብኩ "አልደረሰብኝም በል" እለዋለሁ።

"አልደረሰብኝም።"

"እሰይ የኔ ጌታ! ድገመው።"

"አልደረሰብኝም። ምኑ ነው ያልደረሰብኝ?"

"ምንም።"

"ታዲያ ምንም ካልደረሰብኝ ለምን ታለፊኛለሽ?" ይልና ይስቃል። መንገዱን ሁሉ እጁን ይዤ "አልደረሰብኝም፣ አልደረሰብኝም" እያልን እንደ ዘፈን እንሄዳለን። አዳራሹ ደርሰን ስሙ ሲጠራ ግን ፊቱ ይለወጣል፣ ወገቡ ይቀናል፣ የሃያ ምናምን ዓመት ጎረምሳ ይሆንና "ባጃጄን!" ይላል። አንጀቴን ይበላዋል። ሰዎቹ ሊቆጡት ሲዳዳቸው ደግሞ ዓይኔ ይቀላል፤ ማን ቀና ብሎ እንደሚያየው ዙሪያዬን እቃኛለሁ።

በአራተኛው ወር ሰፈሩ ተማረረ። ቢማረሩ አልፈርድባቸውም። ጎረቤታችን ሶልያና ከሰፈሩ በር ውጭ መንገድ ዳር ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ ልጅ ናት። ደንበኛዋ ከሥራ መልስ የሚመጣ ነው፤ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተዘግቶባት ለማን ትሽጥ? ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ከዚያ በፊት በየቀኑ "እትዬ ፌቨን" እያለች ስትገባ ስትወጣ የነበረችው፣ ሰላምታዋን ከሩቅ አደረገችው። የአውጫጭኙ ሰብሳቢ ጋሽ ናሆምም አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጥቶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ፌቭዬ፣ እንደ እህቴ ነው የማይሽ" አለኝ። "ከክልል ሰው ትመጣለች። አቤኔዘርን ከድምር ውጭ ታደርግልሻለች። መዳፍሽን እንደ ፊርማ ማሳረፍ ብቻ ነው።"

"ካላሳረፍኩስ?"

"ሰፈሩ ሌላ ቦታ ፈልጉ ይላችኋል። እኔ አይደለሁም፤ ሰፈሩ ነው።"

"ሰፈሩ ማን ነው? አንተ አይደለህም?" አልኩት። ባርኔጣውን አንስቶ ሄደ።

በሳምንቱ ከክልል መጣች። ሲፈን ትባላለች፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ዓይኗ የደከመው፣ ሥራዋ ማመሳከር ነው፤ የክልሎችን ቁጥር ጎን ለጎን እያደረገች ማን ከማን እንደሚበልጥ ማየት። ሶልያናም የዚያን ቀን የተረፋትን ዓሣ ይዛ ገብታ ነበር፤ ከተኳረፍን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። እግሯ ከደጃፉ አላልፍ ብሏት እዚያው ቆማ ቀረች።

"ከድምር ውጭ ሲሆን ምን ይሆናል?" አልኳት ሲፈንን። "ሳትቀባቢ ንገሪኝ።"

"አውጫጭኝ ላይ ስማቸው አይጠራም፣ እናቴ። የሰፈሩ በር በመዳፋቸው አይከፈትም፤ እርስዎ ነዎት የሚያስገቧቸው።"

"ቢጠፋስ?"

"ፍለጋ የሚጀመረው ከስም ነው። ስማቸው ከሌለ…"

"አይፈለግም።"

"አይፈለጉም" አለች ቀስ ብላ።

"ሰው ቢመታውስ?"

"ሰውየው ካልተቆጠሩ የደረሰባቸውም አይቆጠርም።"

አቤኔዘር አጠገቤ ተቀምጦ የኮቱን ቁልፍ ይከፍታል ይዘጋል። ስለሱ እንደምናወራ አላወቀም። ለእንግዳዋ ፈገግ አለላት፣ "ወዴት ነሽ? ላድርስሽ?" አላት። ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ማዶዎቹ እንዴት ነው ሁልጊዜ አንደኛ የሚሆኑት?" ያለችው ሶልያና ናት፣ ከደጃፉ። "እነሱ ጋ ሌባ የለም?"

ሲፈን ወደሷ ዞረች። "አለ። እኛ ጋ ካለው አያንስም። እነሱ ግን ጤናቸው የተቃወሰውን ሁሉ ከድምር አውጥተዋል። በረንዳ የሚያድሩትን አውጥተዋል። ሰው ቤት ተቀጥረው የሚያድሩ ልጆችንም አውጥተዋል።"

"ታዲያ ማን ቀረ?"

"ምንም የማይደርስበት ሰው ነው የቀረው" አለች ሲፈን። "በዚያ ላይ እርቅ አለ። በዳይ በዚያው ጉባኤ ቆሞ ካመነ፣ ተበዳይም ይቅር ካለ፣ በእርቅ የተዘጋ ተብሎ ለማነጻጸሪያ አይደመርም። እነሱ ናቸው ጠይቀው ያስገቡት። ጌታ ሠራተኛውን ይደበድብና እዚያው አዳራሽ ይቅርታ ይላል፤ ልጁ ምን ምርጫ አለው? ይቅር ይላል። ለእኛም ተፈቅዷል፤ የእናንተ ሰው አልተጠቀመበትም እንጂ።" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "እናቴ ማዶ ናት" አለች። "ከድምር ያስወጣኋት እኔ ነኝ። እንዳታደርጉት ብዬ መምከር ግን ሥራዬ አይደለም።"

መዳፌን አላሳረፍኩም። በሚቀጥለው እሑድ አዳራሹ ውስጥ በሰው ፊት አደርገዋለሁ አልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እንጃ፤ አንድ ሳምንት መግዛቴ ነው መሰለኝ። ያን ሳምንት ሙሉ አቤኔዘርን እንደ ሙሽራ ተንከባከብኩት። ጠጉሩን ቆረጥኩለት፣ የሚወደውን ሽሮ በየቀኑ ሠራሁለት። ሲተኛ አየዋለሁ። ይኼ ሰው ከነገ ወዲያ ቢመቱት የማይመታ፣ ቢጠፋ የማይጠፋ ሊሆን ነው። በገዛ መዳፌ! እያልኩ ብቻዬን እንሰፈሰፋለሁ።

እሑድ ደረሰ። ሲፈን መዳፍ ማሳረፊያዋን ይዛ ከጋሽ ናሆም ጎን ተቀምጣለች። ሰሚው መጥራት ጀመረ። ሁሉም "አልደረሰብኝም" እያሉ ወደ እኔ ገልመጥ ይላሉ። የኛ ተራ እየቀረበ መጣ። ሄጄ መዳፌን ማሳረፍ ያለብኝ ስሙ ሳይጠራ ነበር። አልተነሳሁም። ጋሽ ናሆም በዓይኑ ጠቀሰኝ። አልተነሳሁም አልኳችሁ!

"አቤኔዘር፣ ደርሶብዎታል ወይስ አልደረሰብዎትም?"

"ደርሶብኛል። ባጃጄን ወሰዱብኝ!"

ሰሚው ገና "አን—" ሲል፣ ከኋላ አንድ በርጩማ ተንኳኳ። ሶልያና ናት። በርጩማውን አንስታ ጫንቃዋ ላይ አድርጋዋለች፤ ጥንት በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚለምነው። እንደዚያ ሆና በመካከላችን አቋርጣ መጣችና አቤኔዘር ፊት ጎንበስ አለች።

"እኔ ነኝ የወሰድኩት፣ ጋሽ አቤኔዘር። ይቅር ይበሉኝ።"

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ልጅቷ ባጃጅ በሥዕል እንኳ አይታ አታውቅም።

አቤኔዘር አያት። "አንቺ ነሽ?" አላት።

"እኔ ነኝ።"

"ምነው ልጄ?"

"ቸግሮኝ ነው። ልጆች አሉኝ።"

ይኼኛው ውሸት አልነበረም። አቤኔዘር በርጩማውን ከጫንቃዋ አወረደላት። "ማርሹ ሦስተኛ ላይ ትንሽ ያስቸግራል፣ አታስገድጂው" አላት። "ነገሩ ከቸገረሽ ምን አደርጋለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ። ልጆችሽ ይደጉልሽ።"

"በእርቅ ተዘግቷል" አለ ሰሚው።

ሁላችንም ወደ ሲፈን ዞርን። ውሸት መሆኑን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። መዳፍ ማሳረፊያውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና "የበዳይም ቃል አይጠየቅም" አለች። ከሷ በኋላ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ሶልያናን አንገቷን አንቄ ስሜ ስሜ ዓሣ ዓሣ ሸተትኩ። የዚያን ቀን በሩ እስከ አራት ሰዓት ክፍት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሥርዓት ሆነ። በየወሩ አንድ ሰው ባጃጁን ይሰርቃል። መጀመሪያ በልመና ነበር፣ ኋላ በተራ፣ ኋላማ በሽሚያ ሆነ። አቤኔዘር ሁሉንም እንደ አዲስ ይሰማል። አንዱን "ወይ ጉድ፣ አንተን የመሰለ ጨዋ!" ይለዋል። አንዷን "ብቻሽን ነው የገፋሽው? አይከብድም?" ይላታል። ይቅር ያላለው ሰው የለም። ሰዎቹም ከቀልድ ወጡ። በርጩማውን ተሸክመው ጎንበስ ሲሉ የሚያለቅሱ አሉ። መቼም ሰው ሆኖ ይቅርታ የማያስፈልገው ማን አለ? ሁሉም የየራሱን ይዞ ነው የሚመጣው መሰለኝ፤ ባጃጁን ሰበብ እያደረገ። ጋሽ ናሆም እንኳ "የኔ ተራ መቼ ነው?" እያለ ነዘነዘኝ። የሚያዝያው ላይ ይድረስህ አልኩት።

የሚያዝያው እሑድ ጋሽ ናሆም ካራባት አስሮ መጣ። የአቤኔዘር ስም ሲጠራ በርጩማው ላይ እጁን አሳርፎ ተዘጋጀ። አቤኔዘርም ተነሳ።

"ደርሶብኛል" አለ። ድምፁ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። "ሚስቴን ወሰዱብኝ።"

ጋሽ ናሆም በርጩማውን እንደያዘ ቀረ።

"ፌቨን ትባላለች" አለ አቤኔዘር። "ጠዋት ስነሳ አጣኋት። ቤት ውስጥ አንዲት አሮጊት አለች፣ ጥሩ ሴት ናት፣ ታበላኛለች። የኔ ፌቨን ግን የለችም። እባካችሁ።"

አጠገቡ ነበርኩ። እጁን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሶልያና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጋሽ ናሆም ሊነሳ ሞከረና አቃተው፤ ይኼን ደግሞ ማን ወሰድኩ ይበል? ሰሚው ይጠብቃል።

ከጋሽ ናሆም እጅ በርጩማውን ተቀበልኩት። ከባድ አይደለም፣ የኔ ጫንቃ ነው የደከመው። ተሸክሜው ፊቱ ቆምኩ።

"እኔ ነኝ የወሰድኳት" አልኩት።

ትኩር ብሎ አየኝ። "እርስዎ ነዎት?" አለኝ። ሃምሳ ዓመት "አንቺ" ያለኝ ሰው አንቱ አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"አላስቀየሟትም? ቶሎ ይከፋታል። ስትናገር ነው እንጂ ሆደ ባሻ ናት።"

"ኧረ አላስቀየምኳትም።"

አሰበ። "አስተያየትዎ እንደ ክፉ ሰው አይደለም" አለኝ በመጨረሻ። "ወደዋት ነው የሚሆነው። እሷን ማየትና አለመውደድ አይቻልም። ይቅር ብያለሁ። ግን ደኅንነቷን አደራ።" በርጩማውን በሁለት እጁ ከጫንቃዬ አወረደልኝ።

"በእርቅ ተዘግቷል" አለ ሰሚው። "ፌቨን፣ ደርሶብዎታል ወይስ አልደረሰብዎትም?"

ከሱ ቀጥሎ የምጠራው እኔ ነኝ። አውጫጭኝ ከተጀመረ ጀምሮ "አልደረሰብኝም" ነው ያልኩት። ቦርሳዬን ሲቀሙኝ እንኳ ለሰፈሩ ብዬ "አልደረሰብኝም" ብያለሁ። ሶልያና ታየኛለች፤ ምን እንደሚዘጋባት ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። በጭንቅላቷ አዎ አለችኝ።

"ደርሶብኛል" አልኩ። "ባሌን ወሰዱብኝ። ቀስ በቀስ ነው የወሰዱት፣ ዛሬ ጨረሱት።"

የሚነሳ ሰው አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። ሰሚው "አንድ" አለ።

የዚያን ቀን ማታ ክልሎች ተራ በተራ ሲነገሩ ማዶዎቹ አንደኛ ነበሩ፣ እኛ አንድ ደረጃ ዝቅ አልን። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም፣ በክፉ ማለቴ ነው። ጋሽ ናሆም ወንበር ይዞ መጣ። ሶልያና ያልተሸጠውን ዓሣ በትሪ ይዛ ከልጆቿ ጋር መጣች፤ ደጃፋችን ላይ ተቀምጠን በላን። የሰፈሩ በር ሲዘጋ ድምፁ ተሰማ። እነሱ ሲሄዱ አቤኔዘር ጋቢውን ደርቦ አጠገቤ ቀረ።

"ፌቨን የምትባል ሴት ያውቃሉ?" አለኝ።

"በደንብ ነዋ የማውቃት።"

"እስክትመጣ እስቲ ስለሷ ያጫውቱኝ።"

የምንሄድበት የለም፣ ጊዜው የኛ ነው። "ምላሷ ረጅም ነው" ብዬ ጀመርኩለት።

"እሱማ ነው!" አለና እስኪያስለው ሳቀ።